ፓይሬትሮይድ ወይስ ኒዮኒኮቲኖይድ?

ሁለቱም የነፍሳትን ነርቭ የሚያጠቁ የተባይ ማጥፊያ ዓይነቶች ናቸው። የሚለያዩት ከተረጩ በኋላ በሚሄዱበት ነው።

እንደ ፐርሜትሪን ያሉት ፓይሬትሮይዶች የተሠሩት በአበባ ውስጥ የሚገኝ ተፈጥሯዊ መርዝ ተመስሎ ነው። («ከአበባ የመጣ» መባሉ ግን ሰውን ያዘናጋል።) አፈር ላይ አጥብቀው ስለሚጣበቁ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ እምብዛም አይዘልቁም። ጣጣው ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወንዝ ሲከተው ነው፤ ዓሣን ለመግደል ጥቂቱ ይበቃል። ድመትም አትችለውም፦ ፐርሜትሪን ያለበት ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት ሊገድላት ይችላል።

ኢሚዳክሎፕሪድን የመሰሉት ኒዮኒኮቲኖይዶች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ዘር ላይ ተቀብተው ነው። ተክሉ በሥሩ ይመጠዋል፤ ከዚያ መርዙ ቅጠሉ፣ የአበባ ዱቄቱና ንብ የምትቀስመው ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። ንቧ ወዲያው ባትሞት እንኳ መንገድ ሊጠፋባትና ከቀፎዋ ውጭ ልትቀር ትችላለች። አፈር ውስጥም ለወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይቆያል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ሦስት ኒዮኒኮቲኖይዶችን ከቋሚ ግሪንሃውስ ውጭ እንዳይውሉ ከልክሏል።

ሰውን በጥንቃቄ እንዲጠቀም ለማስተማር የመጀመሪያው፣ ፓይሬትሮይዱ፣ ይቀላል። ገበሬና ንብ አንቢ ቀን ተቀጣጥረው፣ አመሻሽ ላይ ንብ ከገባች በኋላ፣ ከወንዝ ርቆ መርጨት ይቻላል። ለተቀባ ዘር ግን የሚነገር የርጭት ቀን የለም፤ ምክክሩ ዘሩ ከመገዛቱ በፊት፣ የከረጢቱን ጽሑፍ አብሮ ከማንበብ መጀመር አለበት። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል፣ ውኃ በሌለበት ቦታ ፓይሬትሮይዱን እመርጣለሁ፤ ያውም ተባዩ በእጅ ተለቅሞ የማያልቅ ከሆነ።