አባዱላዬን ከጭስ ያወጡልኝ የአዘዞው መካኒክ

አባዱላ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሞተሩ ከፊት መቀመጫ ስር ነው፤ እጅ ማስገባቱ አንድ ጣጣ፣ ቁልፍ ማዞሩ ሌላ ጣጣ። የምሠራው ከጎንደር ደባርቅ ነው። ተርቦዬ (ወደ ሞተሩ አየር በግፊት የሚያስገባው ዕቃ) ሲያልቅ ያገለገለ ገዛሁና ከተማ ውስጥ አንድ ቦታ አስገጠምኩት። በግማሽ ቀን ጨረሱ። ደስ አለኝ! በማግስቱ ከወለቃ ሽቅብ ወደ ኮሶዬ ስወጣ ኋላዬ በሰማያዊ ጭስ ተጋረደ፣ ረዳቴ ደግሞ "ጋሼ፣ እጣን ጭነናል እንዴ?" ይላል። ተመልሼ ስጠይቃቸው "ተርቦው ሞቷል፣ ሌላ ግዛ" አሉኝ።

አዘዞ መንገድ ዳር ወዳለው ቆርቆሮ ቤት የላከኝ የሙያ ጓደኛዬ ነው። ታፔላ የለውም። ዋናው መካኒክ ሸምገል ያሉ ናቸው፣ ሁሉም "አያ" ይላቸዋል። መቀመጫውን አንስተው በባትሪ እያበሩ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩ። ከዛ "ልጄ፣ ተርቦው ደህና ነው፣ አገጣጠሙ ነው የታመመው" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይት ወደ ተርቦ የሚገባው በቀጭን ቱቦ በግፊት ነው። ሲወጣ ግን የሚገፋው የለም፣ በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል። የበፊቶቹ የአየር ቱቦው አልደርስ ቢላቸው የተርቦውን መሀል አካል ከነአየር ቤቱ አዙረው አስረውት፣ የዘይት መውረጃው ወደ ጎን ዞሮ ቀርቷል። ጎማ ቱቦውም ታጥፏል። ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ መጋጠሚያው መሀል የሚገባው ማሸጊያ) ሲያጡ ደግሞ ቀይ ሲሊኮን ለጥፈው፣ ትርፉ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ደርቋል፤ አያ በጥፍራቸው ፈልቅቀው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ዘይቱ መውረጃ ሲያጣ የት ይሂድ? ወደ ጭስ ማውጫው ነዋ!

እሳቸው መጀመሪያ መውረጃውን ቀጥ አድርገው ወደ ታች አስያዙ። ቀጥሎ የዚያን ቀንድ አውጣ የሚመስለውን የአየር ቤት ብሎኖች አላልተው እሱን ብቻ አዞሩት፣ አፉ ከቱቦው ጋር ፊት ለፊት እስኪገናኝ። ሳያጠብቁ ሦስቴ አስገቡ፣ ሦስቴ አወጡ። ሙቀቱ እንዳያቃጥለው ብለው አጠገቡ የሚያልፈውን ሽቦም ራቅ አድርገው አሰሩት። "ጓርኒሲዮን ካልመጣ አልነካውም" ብለው እኔኑ ገበያ ላኩኝ። ሊያስነሱ ሲሉም በመግቢያው ዘይት ጠብ ጠብ አድርገው ሞተሩን በእስታርተር ብቻ አዞሩት። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ነገር በደረቁ አይነሳም ይላሉ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሁለት ቀን ሙሉ ፈጀብኝ፣ የመጀመሪያውን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይሱዙ ሲሠሩ ቁጭ ብዬ። መቀመጫ የለም፣ አሮጌ ጎማ ላይ ነው የዋልኩት። ስልክ አያነሱም። ለእጅ ሥራ 4,500 ብር ጠየቁ፣ ተከራከርኩ፣ አንድ ብር አልቀነሱም። ሌላ ተርቦ ልገዛ እንደነበር ሳስብ ግን አፌን ዘጋሁ። የሹፌር መቀመጫውን ደግሞ ልጆቹ አንድ ብሎን አጉድለው ነው የመለሱልኝ፣ አምባ ጊዮርጊስ እስክደርስ ሲንኳኳ ነበር።

ጭስ ግን የለም። ዳገቱንም በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት። ከሄዳችሁ በጠዋት ሂዱ፣ ጓርኒሲዮኑን ይዛችሁ።