«ንጹህ የበግ ጸጉር» የተባለ ምንጣፍ፣ ክሩን ሳታቃጥሉ ብር እንዳትከፍሉ

ለቤታችሁ ምንጣፍ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። በቴሌግራምም በሱቅም «መቶ በመቶ የበግ ጸጉር፣ የደብረ ብርሃን የእጅ ሥራ» እየተባለ የሚሸጥ ፕላስቲክ አለ። በዓይን ብቻ አይለይም።

እህቴ ለሳሎኗ በዚህ ስም አንድ ትልቅ ምንጣፍ ገዛች። የጠየቋት የእውነተኛ የእጅ ሥራ ዋጋ ነው። ገንዘቡንም ዕቃው ቤት ሳይደርስ አስከፈሏት። ሲመጣ ያምራል፤ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ያብረቀርቃል። በዓል ቀን ቡና እየተፈላ ከምድጃው ፍም ዘሎ ወደቀበት። ፍሙን በመቆንጠጫ ስናነሳው የምንጣፉ ክር አብሮ ተለጥጦ መጣ። ቀልጧል። ቤቱን የተቃጠለ ፌስታል ሽታ ሞላው። ሲበርድ ቦታው ደርቆ ጠነከረ፤ አሁን እግር ይቧጥጣል።

የበግ ጸጉር ፍም ሲነካው ይጠቁራል እንጂ አይቀልጥም። ሻጩ ሲደወልለት መጀመሪያ «ሚክስ ነው ብለናችሁ ነበር» አለ። ራሱ የላከው መልእክት ሲላክለት ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

እኔን ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ የተነገደበት ስም ነው። ከደብረ ብርሃን አካባቢ የሚመጣው የመንዝ በግ ጸጉር ስንት ሰው የሚደክምበት ነገር ነው። ይሸለታል፣ ይጸዳል፣ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ከዚያ ይሸመናል። ባናው፣ ዝተቱ፣ በርኖሱ ከዚህ ነው የመጣው። አንዱ በሐሰት በስሙ ሲሸጥ፣ ገዢው ቀጥሎ እውነተኛውን ይዞ የሚመጣውንም ሰው አያምንም።

እና እንዴት ትለዩታላችሁ? ዋናው ፈተና እሳት ነው። ከጠርዙ አንድ ክር ነቅላችሁ፣ በመቆንጠጫ ይዛችሁ፣ ከምንጣፉ ራቅ ብላችሁ ክብሪት ጫሩበት። የበግ ጸጉር ከሆነ ይኮማተራል፣ የተቃጠለ የሰው ጸጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቁት በራሱ ይጠፋል። የቀረውን ጥቁር ነገር በጣት ስታሹት ይፈረፈራል። ጥጥ፣ ቃጫ ወይም ጆንያ የሚሠራበት ጁት ከሆነ እንደ ወረቀት ይነድና ግራጫ ዐመድ ይተዋል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጣል፤ ጫፉ ላይ ጠንካራ እንክብል ይቋጥራል፣ ያን እንክብል በጣት መፍጨት አይቻልም። ብዙዎቹ ርካሽ የማሽን ምንጣፎች ከፖሊፕሮፒሊን ነው የሚሠሩት። የማዳበሪያ ከረጢትም የሚሠራው ከዚሁ ነው። ፕላስቲክ ምንጣፍ መግዛት ነውር የለውም፤ ለኩሽናና ለልጆች ክፍል እንዲያውም ይመቻል። በፕላስቲክ ዋጋ ይሸጥ እንጂ!

አንዲት ክር ለመንቀል የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ሳትከራከሩ ውጡ።

ቀጥሎ ጀርባውን ገልብጡ። ቋጠሮው አንድ በአንድ በእጅ የታሰረ ምንጣፍ ከሆነ፣ የፊቱ ንድፍ ጀርባው ላይም ይታያል። ዘርፉ የድሩ ቀጣይ ነው፤ ከራሱ ከምንጣፉ ይወጣል። ጀርባው በሙጫ በተለጠፈ ጨርቅ ከተሸፈነ፣ ዘርፉም ከላይ የተሰፋ ከሆነ፣ ክሩ በመሣሪያ ጨርቅ ላይ ተወግቶ በሙጫ የተያዘ ነው። ሻጩ «የእጅ ሥራ ነው» ቢል ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፤ መሣሪያውን የያዘው ሰው ነው። ግን ድካሙም ዕድሜውም ከታሰረው ጋር አይገናኝም። ሙጫው ከዓመታት በኋላ ይደርቅና እንደ ዱቄት ከሥር መራገፍ ይጀምራል። ስለዚህ የአንዱን ዋጋ ለሌላው አትክፈሉ።

«ምንም አይረግፍም» የሚለው ማሻሻጫም ያጠራጥር። ጸጉሩ ቆሞ የተከረከመ አዲስ የበግ ጸጉር ምንጣፍ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይረግፋል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተነከረው የመንዝ ጸጉር ደግሞ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡኒ ወይም ግራጫ ነው፤ ሸካራ ነው፣ ትንሽ ይኮሰኩሳል፣ እርጥበት ሲነካው በግ በግ ይሸታል። ቀለም የተነከረ ከሆነ ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ጫፉን ፈተግ አድርጉት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ምንጣፉ ሲረጥብ ሶፋችሁንም ወለላችሁንም ያቀልማል።

«ሐር ነው» ቢሏችሁም ያው ክብሪት ይፈርዳል። ሐር እንደ ጸጉር ይሸታል። ወረቀት ወረቀት ከሸተተ ሐር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቪስኮስ ነው፣ ከእንጨት የሚሠራ ክር። ውሃ ሲነካው ይቢጫል፣ ሲደርቅም ይጠነክራል።

የቃጫና የጁት ምንጣፍ ላይ ያለው ማታለል ሌላ ነው። ዕቃው የእውነት ተፈጥሯዊ ነው፤ ውሸቱ «በውሃ ይታጠባል» መባሉ ላይ ነው። አይታጠብም። ውሃ ይጠጣል፣ ሲደርቅ ቡኒ እድፍ ይተዋል፣ በክረምት እርጥበት በሚይዘው ምድር ቤት ደግሞ ይሻግታል። ለኮሪደርና ለደረቅ ሳሎን ግን ግሩም ነው። ቃጫው እግር ስለሚኮሰኩስ የሚድህ ሕፃን ያለበት ቤት ባይነጠፍ ይሻላል። ቄጠማ የምትጎዘጉዙ ከሆነ ደግሞ ምንጣፉን አስቀድማችሁ ጠቅልላችሁ አንሱት። እርጥብ ቄጠማ ላዩ ላይ ከዋለ የሚተወው አረንጓዴ እድፍ በቀላሉ አይለቅም።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝ ነገር። ያው ሻጭ ለእህቴ «ሲቆሽሽ በረኪና ጣል አድርገሽበት እጠቢው» ብሏት ነበር። የበግ ጸጉር በረኪና ውስጥ ቢቆይ ይሟሟል! ሻጩ የሚሸጠው ፕላስቲክ መሆኑን እንደሚያውቅ ምክሩ ራሱ ይናገራል። እውነተኛ የበግ ጸጉር ያላችሁ ሰዎች እንዲህ ያለ ምክር ሰምታችሁ ንብረታችሁን እንዳታጠፉ። የልብስ ዱቄት ሳሙናም አይስማማውም። ቡና ሲፈስ አትፈትጉት። በነጭ ጨርቅ ከዳር ወደ መሐል እየተጫናችሁ አስመጥጡ፤ ከዚያ በለብታ ውሃ ላይ ጥቂት ሻምፖ ጨምራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጉት። ብል የሚገባው ሶፋ ሥር ነው፤ ጨለማና ማንም የማይነካው ቦታ ይወዳል። አልፎ አልፎ ሶፋውን አንስታችሁ አራግፉት፣ በሁለቱም በኩል ፀሐይ አሙቁት።

ልኩንም ራሳችሁ ለኩ። በካሬ ሲሸጡ ዘርፉን ጨምረው የሚለኩ አሉ። ቤት ውስጥ የሶፋው የፊት እግሮች ምንጣፉ ላይ እንዲያርፉ አስባችሁ ግዙ፤ መሐል ላይ ለብቻው የተቀመጠ ትንሽ ምንጣፍ ክፍሉን ያጠበዋል።

ክፍያን በተመለከተ፣ ዕቃውን ሳትፈትሹ ሙሉውን አትክፈሉ። ደረሰኙ ላይ ምንጣፉ ከምን እንደተሠራና ልኩ ይጻፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ሳትከፍሉ መፈተን ካልቻላችሁ፣ የእሳቱን ፈተና በገዛችሁበት ሳምንት አድርጉት፣ በዓል እስኪመጣ አትጠብቁ። የእህቴ ደረሰኝ የሚለው «ምንጣፍ 1» ብቻ ነው። አሁን አቤት ለማለት በእጇ ያለው ማስረጃ ሻጩ «መቶ በመቶ የበግ ጸጉር» ብሎ የጻፈላት መልእክት ነው። እናንተም መልእክቱን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ ሻጩ ከሁለቱም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል።