የአገር ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለፋሲካ ሰሞን ጥድፊያ

ከሥራ ገብቶ ማታ ለሚጋግር ሰው፣ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋው የአገር ውስጥ የሸክላ ምጣድ አሁንም ተመራጭ ነው። ዓይን ያወጣል፤ በደንብ ከጋለ እንጀራው በሁለት ሦስት ደቂቃ ይደርሳል።

ጣጣው ብዙ ጊዜ ያለው መስመሩ ላይ ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ተራ ሶኬት ላይ፣ ይባስ ብሎም በኤክስቴንሽን ከሰኩት፣ ፕላኩ ይቀልጣል። ለብቻው የተሳበ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና ባለ 25 አምፔር ብሬከር በባለሙያ ያስገጥሙለት፤ የመሬት ሽቦውም እንዳይቀር።

በዓል ሲቃረብ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ስለሚጋግር ኃይል ይወርዳል። ቮልቴጁ 190 ከደረሰ ሙቀቱ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ያኔ እንጀራው ዓይን ቢያጣ አብሲቱን አይውቀሱ፤ ምጣዱን ከድነው ረዘም አድርገው ያግሉት።

ሲገዙ ሸክላውን በጣትዎ ቆርቆር ያድርጉት፤ ድምፁ ጥርት ካላለ ስንጥቅ ይኖረዋል። ሻጩ ካነሳልዎት ከሥሩ ያለውን ቦይ ይዩ፤ ሬዚስታንሱ (ምጣዱን የሚያግለው ሽቦ) በጀሶ በደንብ ካልተደፈነ ቶሎ ይበጠሳል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳይሟሽ እንጀራ ይይዛል። የጋለውን በእርጥብ ጨርቅ መወልወልም ሸክላውን ይሰነጥቀዋል።

የክዳኑ እጀታ ግን እጅ ያቃጥላል፤ እንጨት ቢያደርጉለት ምን ነበረበት?