የሚተኩሰውን ፓምፔን ያዳነልኝ የወረታው ጋራዥ

ፎገራ ላይ ሩዝ ካነሳ በኋላ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ፓምፕ ሲቆምበት ምን እንደሚሰማው ያውቀዋል። እኔ ግማሽ ሄክታር ሽንኩርት አለኝ፤ የማጠጣው ከርብ ወንዝ ነው። ፓምፔ ባለ ሦስት ኢንች የቤንዚን ነው፤ ሞተሩ 163 ሲሲ፣ 5.5 የፈረስ ጉልበት።

ጥር ላይ ድንገት ጠባዩ ተበላሸ። የማስነሻ ገመዱን ስስብ ከእጄ መንጭቆ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ አንድ ቀን አውራ ጣቴን ሊሰብረኝ ነበር። በስንት መከራ ቢነሳም ይቆራረጣል፣ በካርቡራተሩ በኩል መልሶ ይተፋል፣ በማርሚታውም ጧ! ጧ! እያለ ይተኩሳል። ውኃው ቱቦው አፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል።

መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ቦታ ነበር። ሞተሩን አንዴ አስነስተው ሰሙና «ካርቡራተሩ አልቋል» አሉኝ። ካርቡራተርና ካንዴላ ቀየሩ፣ 2,400 ብር ከፈልኩ። ማሳዬ ላይ ስስበው እዚያው በዚያው ሆነ። ሽንኩርቱ ቅጠሉን ሲጥል እያየሁ ሦስት ቀን ባከነ።

ከዚያ ነው ጎረቤቴ ከወረታ መናኸሪያ ወረድ ብሎ ወዳለው ትንሽ ጋራዥ የላከኝ። መካኒኩ ልጅ ዕቃ ግዛ አላለኝም። ካንዴላውን ፈታ፤ ጫፉ ቡናማ ነው፣ አልረጠበም፣ ጥላሸትም አልያዘም። ክፍተቱን ለካ፤ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ ልክ ነው። ገመዱ ላይ ሰክቶ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነካውና ሳበ፤ ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ። ከካርቡራተሩ ሥር ቤንዚኑን በብርጭቆ አወጣ፤ ውኃ የለበትም። አስነስቶ ቾኩን በግማሽ ዘጋው፤ ምንም ለውጥ የለም። «ቤንዚን አንሶት ቢሆን ኖሮ አሁን ይሻለው ነበር» አለኝ። የቫልቮቹንም ክፍተት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለካ፦ ማስገቢያው 0.15፣ ማስወጫው 0.20። እነሱም ደህና ናቸው።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ሰሞኑን እየሠራ ሳለ ድንገት ቀጥ ብሎ ቆሞብዎት ያውቃል?» አለኝ።

አዎ! ከሳምንት በፊት የመሳቢያው ቱቦ ወንፊት ተሰብሮ ጠጠር ገብቶ፣ ግጭ ብሎ ቆሞ ነበር። ጠጠሩን አውጥቼ ማጠጣቴን ቀጠልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ትዝም ብሎኝ አያውቅም።

ሽፋኑን ከፍቶ ቮላኖውን፣ ማለትም በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ የሚሽከረከረውን ከባድ ጎማ መሰል ብረት፣ አወጣ። ከሥሩ ቻቤታ የሚሏትን፣ ቮላኖውን ዘንጉ ላይ ቦታውን የምታስይዘውን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ብረት መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ከጥፍሬ ብዙም አትበልጥም፤ የላይኛው ጠርዟ ተቆርጦ እንደ ደረጃ ወደ ጎን ተንሸራቷል። ጠጠሩ ዘንጉን ሲይዘው ከባዱ ቮላኖ በፍጥነቱ መሽከርከሩን ስለቀጠለ ቻቤታዋን ቆርጧት ቦታውን ለቋል። ብልጭታውን የሚያስነሳው ማግኔት ያለው ቮላኖው ላይ ነው፤ ስለዚህ ብልጭታው ፒስቶኑ ቦታው ሳይደርስ ቀድሞ ይመጣል። እጄን ይመታኝ የነበረው፣ በካርቡራተሩም ይተፋ የነበረው ለዚህ ነው። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው ከዚህ በፊት አላገኘሁም።

ቻቤታዋ 80 ብር፣ ሥራው 700 ብር። ገመዱን አንዴ ሲስበው ተነሳ፤ ድምፁ አንድ ወጥ ሆኖ ስሰማ እውነት ለመናገር ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያን ቀን እስኪመሽ አጠጣሁ።

ቅር ያለኝ ነገርም አለ። ደረሰኝ አይሰጥም፣ ስልክም ቶሎ አያነሳም። ወረፋው ደግሞ ከባድ ነው፤ በመስኖ ወቅት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ካልደረሳችሁ ፓምፓችሁ እዚያው ያድራል። ጥላም ስለሌለ ፀሐይ ላይ ቆሞ መጠበቅ አለ። ለእኔ ግን ይህ ሁሉ ከ2,400 ብሩ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የምትሄዱ ከሆነ ፓምፑን ብቻ አትውሰዱ፤ የመሳቢያውን ቱቦ ከነወንፊቱ ጫኑ። የእኔን ወንፊት በሽቦ አስሮ እስኪሰጠኝ ድረስ አይሄዱም ብሎ ያስቆመኝ እሱ ነው።