የአባ ጎርጎርዮስ ምስል በፍሬም፦ ከመግዛትዎ በፊት የሚያዩት

ባሕር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ያለ አንድ ፎቶና ፍሬም ቤት፣ አውሮፓውያን በመዳብ ቀርጸው ያተሟቸውን የኢትዮጵያውያን ምስሎች አባዝቶ ይሸጣል። ፍሬሙ ጥሩ ነው፤ እንጨቱ ደረቅ፣ ማዕዘኑም የገጠመ። ችግሩ ኅትመቱ ላይ ነው።

አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ተገናኝተው፣ በ1652 ጀርመን ጎታ ድረስ ሄደው ስለ አገራቸውና ስለ ቋንቋዋ ያስረዱት ታላቅ ሊቅ ናቸው። ያረፉት በ1658 በመርከብ አደጋ ነው፤ ምስላቸው የወጣበት የሉዶልፍ መጽሐፍ ግን የታተመው በ1691 ነው። በስኮትላንዳዊው ተጓዥ በጀምስ ብሩስ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የጦር አለቃው የክፍለ ኢየሱስ ምስልም እንዲሁ፦ ብሩስ ጎንደር የነበረው በ1770ዎቹ መጀመሪያ፣ መጽሐፉ የወጣው በ1790።

ምስሎቹ የታተሙት ባለምስሎቹ ከታዩ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ ማን እንደሠራቸው የሚናገረው ግርጌ ወሳኝ ነው። በእነዚህ ኅትመቶች ብዙ ጊዜ በስተግራ የሠዓሊው፣ በስተቀኝ የቀራጩ ስም ይጻፋል። ቀራጩ ባለምስሉን ሳያይ ከሌላ ሰው ንድፍ ላይ ይሠራ ስለነበር ፊቱ ወደ አውሮፓዊ መልክ ያዘነብላል። ቤቱ ምስሉ ኤ3 ወረቀት ላይ እንዲሞላ ብሎ ይህንኑ ግርጌ ይቆርጠዋል፤ በጣም ያሳዝናል። ሳይቆረጥ እንዲታተም አስቀድመው ይንገሩ።

በመዳብ ቅርጽ ጥላ የሚፈጠረው በመስመሮች ውፍረትና ጥግግት ነው። ፋይሉ ካነሰ መስመሮቹ ይዋሃዱና ጉንጭና አንገት ላይ ሞገድ የመሰለ እድፍ ይወጣል። ለኤ3 3508 በ4961 ፒክስል ያስፈልጋል፤ ከዚያ ካነሰ ኤ4 ያሠሩ። «እንዲደምቅ» ተብሎ የሚጨመረውን ኮንትራስትም ያስቀሩ፤ ቀጫጭኑ መስመር ጠፍቶ ፊቱ ድፍን ጥቁር ይሆናል፣ የሰውየው መልክም አብሮ ይጠፋል።

«ኦሪጅናል ነው» ከተባሉ 10 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ይዩት። መስመሩ ራሱ ከነጠብጣብ የተሠራ ከሆነ የማሽን ኅትመት ነው። በአሮጌው የመዳብ ኅትመት ላይ መስመሩ ሳይቆራረጥ ይሄዳል፤ ጠርዙ ካልተከረከመም በምስሉ ዙሪያ መዳቡ ወረቀቱን የተጫነበት ጎድጓዳ ምልክት ይታያል።

ሐይቁ ዳር ክረምቱ እርጥብ ነው፤ መስታወት የነካ ወረቀት ይጣበቃል። ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፓስፓርቱ (ምስሉን ከመስታወቱ የሚያርቅ፣ መካከሉ የተቆረጠ ካርቶን) ያስገቡ። ቤቱ ወረቀቱን በአራቱም ጎን በስኮች ይለጥፈዋል፤ እርጥበት ሲገባው መለጠጫ አጥቶ ይጨማደዳል። ከላይ በሁለት ቦታ ብቻ ይያዝ። ከኋላ ያለው ኮምፔንሳቶም ወረቀቱን ቢጫ ስለሚያደርግ፣ በመካከል አሲድ የሌለው ካርቶን ይግባ። ይህን ሁሉ ሲጠየቁ ያለ ቅሬታ ይሠራሉ፤ ካልተጠየቁ ግን አያደርጉትም።