እንደገባ የወጣው ፊልተር፦ የካርቦን ኤሲ ፊልተር ከወራት የድሬ አቧራ በኋላ

ድሬዳዋ ውስጥ ለወራት የሠራ የመኪና ኤሲ ፊልተር ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ደስ አይበላችሁ። አልሠራም ማለት ነው። 2010 ሞዴል ኮሮላ ላይ የገባው ይህ፣ ሽታ እንዲይዝ ካርቦን የተጨመረበት ፊልተር ሲወጣ እጥፋቶቹ ላይ ከስስ ብናኝ በቀር ምንም የለም። የፊልተሩ የፕላስቲክ ቤት ላይ ግን፣ በአንዱ ጎን በኩል፣ ሲሚንቶ የመሰለ የአቧራ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጋድሟል። ጣት ሲያስነኩት እንደ ዱቄት ይነሣል። አቧራው በፊልተሩ ውስጥ አላለፈም፤ ዞሮት ነው ያለፈው።

የሻጩ መልስ ከወዲሁ ይታወቃል፦ «አየህ፣ ገና አዲስ ነው! ኮምፕሬሰር አስነፋውና መልሰህ ክተተው።» የለም ወንድሜ፣ አዲስ የሆነው ሥራ ስላልሠራ ነው። የተራ ፊልተር ዋጋ እጥፍ ገደማ የተከፈለበት ዕቃ አቧራ ካልያዘ ምን ሊይዝ ነው?

ጥፋቱ የልክ ነው። የዚህ መኪና ፊልተር 215 በ194 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ውፍረቱ 30 ነው። ይኼኛው በማስመሪያ ሲለካ ርዝመቱ 210 ላይ ይቆማል። «5 ሚሊ ሜትር ምን ታመጣለች» የሚል አይጠፋም። በ194 ስትባዛ ወደ 10 ካሬ ሴንቲሜትር የሚጠጋ ክፍት በር ናት! ካርቦን ያለው ጨርቅ ደግሞ ከተራው ይልቅ አየር ማሳለፍ ስለሚከብደው፣ ፋኑ ሲስብ አየሩ የሚቀለውን መንገድ ይመርጣል። ዳሩም ልፍስፍስ ነው። ፋኑ 4 ላይ ሲሆን መሐሉ ይሰረጉዳል፣ ክፍተቱም ይብስ ይሰፋል።

ያመለጠው አቧራ የሚያርፈው መጀመሪያ ፋኑ ላይ፣ ቀጥሎ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር ላይ ነው። ኢቫፖሬተር ኤሲው ሲሠራ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ አቧራ ሲያገኝ ጭቃ ይሠራል። ጠዋት ኤሲ ሲከፈት የሚመጣው የሻገተ ጨርቅ ሽታ ከዚያ ነው። ጭቃው የውኃ መውረጃዋን ቀጭን ጎማ ከደፈነ ደግሞ ውኃው ወደ ውስጥ ተመልሶ ከተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉን ያርሳል። ያን ጊዜ ወጪው የፊልተር ዋጋ መሆኑ ቀርቶ ክሩስኮት የማውረድ ይሆናል።

ሽታ ላይ ካርቦኑ አይታማም። በደንገጎ ዳገት ከጭነት መኪና ኋላ ሲያዘግሙ የናፍጣው ጭስ መቀነሱ ይታወቃል። ግን ካርቦን ሲሞላ ድምፅ አያሰማም፤ ታጥቦም ተነፍቶም አይመለስም። ለድሬ ሰው ደግሞ ዋናው ጠላት የደቻቱ አሸዋና የኮረኮንቹ ብናኝ ነው እንጂ ሽታ አይደለም።

መቀየሩ ጋራዥ የሚያስኬድ ሥራ አይደለም፤ ካቻቢቴ እንኳ አይፈልግም። ሞተሩን አጥፉ። ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ያለውን የክሩስኮት ኪስ ባዶ አድርጉና ክፈቱ። በቀኝ ጎኑ ኪሱን ቀስ አድርጋ የምታወርደዋን ቀጭን የፕላስቲክ ክንድ ከመያዣዋ አንሸራትታችሁ አውጡ፤ እሷን ረስቶ የሚጎትት ሰው ይሰብራታል። ከዚያ የኪሱን ሁለት ጎኖች ወደ ውስጥ ጨመቅ ስታደርጉት ማቆሚያዎቹ ይለቁና ወደ ታች ይወርዳል። ከኋላው አግድም የተኛ ረጅም ክዳን ታያላችሁ። ጫፎቹን ጫን ብሎ መሳብ ብቻ ነው። ፊልተሩን ሳታዘነብሉ ሳቡት፤ ካዘነበለ የላዩ ቅጠልና አሸዋ ቀጥታ ፋኑ ላይ ይራገፋል። ከዚራ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር የምትቆም መኪና ከሆነች ቅጠል መኖሩ አይቀርም። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ቤቱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን የአየር መግቢያም ቅጠሉን ልቀሙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀስቱ ላይ ነው። ቶዮታ ራሱ በሚያወጣው ላይ «አፕ» ከሚል ቃል ጋር ያለው ቀስት ወደ ላይ ይሁን ማለት ነው። በሌሎቹ ላይ «ኤር ፍሎው» ከሚለው ጋር ያለው ቀስት ግን የአየሩን ጉዞ ነው የሚያሳየው፤ እዚህ መኪና ላይ አየሩ ከላይ ወደ ፋኑ ስለሚወርድ ቀስቱ ወደ ታች መዞር አለበት። ሻጩ «በየትም ይግባ፣ ለውጥ የለውም» ካላችሁ ሌላ ሱቅ ፈልጉ።

ክዳኑን ከመመለሳችሁ በፊት ፊልተሩን በጣት ግራና ቀኝ ግፉት። ከተንቀሳቀሰ ከልኩ አንሷል። ሌላ ካልተገኘ በርና መስኮት የሚለጠፍበትን 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ በጎኖቹ ዙሪያ መለጠፍ ክፍተቱን ይዘጋል፤ እጥፋቶቹን ግን እንዳይሸፍን።

ላቫጆ ቤት በኮምፕሬሰር ማስነፋት ደግሞ ፊልተሩን መቅደድ ነው። ጨርቁ ደቃቁን ብናኝ የሚይዘው በከፊል በቃጫዎቹ ላይ ባለ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ነው፤ በኃይለኛ ንፋስ ቃጫው ይሳሳል፣ በውኃ ሲታጠብ ቻርጁም ይሄዳል። ከላይ ነጭ ሆኖ ይመለሳል፣ ማጣራቱ ግን አብሮ አይመለስም። «ኤሲውን የውስጥ አየር ላይ ስለማደርገው ፊልተሩ አያረጅም» የሚልም አለ። በዚህ ኮሮላ ላይ ፊልተሩ ያለው የውስጥና የውጭ አየር ከሚቀያይረው በር በኋላ ስለሆነ የውስጡም አየር በሱ ነው የሚያልፈው፤ ከጫማ የሚነሣው አቧራና ምንጣፍ ላይ የደረቀው ገራባ ሳይቀር።

በተለምዶ 15,000 ኪሎ ሜትር ወይም አንድ ዓመት ይባላል፤ ለድሬ ግማሹን ውሰዱ። ጭራሽ ከተደፈነ ፋኑ እየጮኸ ነፋሱ ይደክማል። የፋኑን ፍጥነት የምትቆጣጠረው ሬዚስተር ደግሞ የምትቀዘቅዘው በዚያው ነፋስ ስለሆነ ትቃጠላለች። 1፣ 2 እና 3 ሞተው 4 ብቻ የሚሠራባት መኪና ካለቻችሁ መጀመሪያ ፊልተሩን እዩ። ሐረር ወጥቶ በዝናብ መስታወቱ ከውስጥ አልደርቅ ሲልም እንዲሁ።

ፍርዱ፦ ይህ ካርቦን ለተከፈለበት አይገባም፣ ድጋሚም አይገዛም። ቀጣዩ በልኩ የተሠራ ተራ ፊልተር ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ለመቀየር እጅ አያሳጥርም። ስትገዙ የቶዮታው ቁጥር በ87139 እንደሚጀምር ያዙ፣ ቁጥሩን ብቻ ግን አትመኑ፤ ካርቶኑ ላይ ማንም ያትመዋል። አሮጌውንና ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እጥፋቶቹን ቁጠሩ፣ ዳሩን በጣት ጫን በሉት። «ላስቲኩ ከተቀደደ አልመልስም» የሚል ሻጭ ይኖራል። በላስቲኩ ላይም ቢሆን ይለካል።