ለበቅሎዎቹ መንገድ የትኛው ሳይክል ይሻላል? የተራራ፣ ሃይብሪድ ወይስ ግራቭል

የዋሽንግተን ብርድ ለቀቅ ማድረግ ሲጀምር ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «ሳይክል ልገዛ ነው፤ የቱን ልግዛ?» ጠያቂዎቹ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ወዳጆቼ ናቸው። እኔም ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ። «የት ልትነዳው?» መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ያው ካናሉ ላይ ነዋ!» ነው።

ካናሉ ማለት ሲ ኤንድ ኦ (ቼሳፒክ ኤንድ ኦሃዮ) የሚባለው የድሮ የጀልባ ቦይ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ካለው ከጆርጅታውን ሰፈር ይነሳና የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ ሜሪላንድ ውስጥ ከምበርላንድ እስከምትባል ከተማ ይዘልቃል። ርዝመቱ 184.5 ማይል ነው፤ 297 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቁፋሮው በ1828 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ከምበርላንድ የደረሰው በ1850 ነው። የድንጋይ ከሰል የጫኑትን ጀልባዎች የሚጎትቱት በቅሎዎች ነበሩ። ዛሬ እኛ ሳይክል የምንነዳበት መንገድ ያኔ የእነሱ መሄጃ ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ለታሪኩ ብዬ ብቻ አይደለም። ጀልባ የምትጎትት በቅሎ ዳገት አትወጣም። ስለዚህ መንገዱ ሜዳ ነው። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ ያለው ከፍታ በሙሉ ቢደመር 184 ሜትር አካባቢ ነው። እሱም ጀልባን ከፍና ዝቅ በሚያደርጉ 74 የውሃ በሮች ተከፋፍሏል። እያንዳንዱ በር ጋ ስትደርሱ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል የማትሞላ አጭር ሽቅብ አለች፤ ከዚያ እንደገና ሜዳ። እንግዲህ ሻጩ «ይሄ 12 ማርሽ አለው፣ ተራራ ይወጣል» ሲላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

ታዲያ ሜዳ ከሆነ ማንኛውም ሳይክል ይበቃል? አይበቃም። መንገዱ አስፋልት አይደለም። አፈርና ጠጠር ነው፤ አንዳንድ ቦታ ሥር ይወጣበታል። ከከተማው ስትርቁ ሁለት የጎማ መስመር ሆኖ መሃሉ ላይ ሣር ይበቅላል። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ጭቃው የክረምት የገጠር መንገድ ያስታውሳችኋል። ጥላው ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም። ሳይክል የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

የተራራው ሳይክል

እዚህ የማወራው ከፊት ብቻ አሞርዛተር ስላለው ነው። ጎማው ሰፊ ነው፤ 2.25 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ። ሥሩንም ጉድጓዱንም ይውጠዋል። ጭቃ ላይ አይደናገጥም። አዲሱ በአብዛኛው ከ700 እስከ 1,000 ዶላር ሲወጣበት ደህና ነገር ይገኛል። ክብደቱ 14 ኪሎ አካባቢ ነው።

ችግሩ ደረቅ ቀን ላይ ይመጣል። ጥርሳም ጎማ ሜዳ ላይ ጉልበት ይበላል። አጠገባችሁ ሃይብሪድ የሚነዳው ሰው እያወራ ሲሄድ እናንተ ታለከልካላችሁ። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። መሃሉ ለስለስ ያለ፣ ጥርሱ አጭር የሆነ ጎማ ቀይሩለት። አሞርዛተሩም መቆለፊያ ይኑረው። ያኔ ሌላ ሳይክል የገዛችሁ ይመስላችኋል።

ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር ያለውንስ? ተዉት። የመጀመሪያ ሳይክሌ እሱ ነበር። የሱቁ ልጅ «ለሁሉም ይሆናል» አለኝ፣ እኔም አመንኩ። ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ወንበሩ እንደ ግመል ያወዛውዘኝ ነበር። በዓመቱ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት። ከገደል ለሚወርድ ሰው የተሠራ ዕቃ ነው፤ እዚህ ደግሞ ገደል የለም።

ሃይብሪድ

አበሻው በብዛት መጨረሻ ላይ የሚገዛው ይህን፣ በተራራውና በአስፋልት ሳይክል መሃል ያለውን ነው፣ ምክንያትም አለው። ቀና ብለህ ትቀመጣለህ። ወገብ አይጎዳም። ሥራ ያደርሳል፣ ገበያ ያመላልሳል፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛ ይገጠምለታል። ከ600 እስከ 800 ዶላር አካባቢ ጥሩው ይገኛል። መሃል ብረቱ ዝቅ ያለውም አለ። ጓደኛዬ ለእናቱ የገዛው እንደዚያ ዓይነት ነው። እሳቸው ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ተሳፍረው እስከ ግሬት ፎልስ ፏፏቴ ሄደው ተመለሱ። በመኪና ተከትለን ልንጠብቃቸው የነበርነው እኛ አፈርን።

ሃይብሪድ ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የጎማው ስፋት። ብዙዎቹ 35 ሚሊ ሜትር ይዘው ነው የሚመጡት። ለአስፋልት ይበቃል፣ ለካናሉ ያንሳል። 42 ወይም 45 የሚገባበት ካልሆነ ይቅርባችሁ። ሁለተኛ፣ ርካሽ አሞርዛተር ያለበትን አትግዙ። ሁለት ኪሎ ብረት መሸከም ነው፣ ጥቅሙ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፊቱ ድርቅ ያለ ሆኖ ጎማው ሰፊ የሆነው በብዙ ይሻላል።

አንድ ሌላ ችግር አለው። መሪው ቀጥ ያለ ስለሆነ እጅ የሚያርፍበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት ስትነዱ መዳፍ ይደነዝዛል። ዳገትና ቁልቁለት ቢኖር ሰውነት ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሜዳ ላይ ግን ሐውልት ትሆናላችሁ። በመሪው ጫፍ የምትገጠም እንደ ቀንድ ያለች መያዣ አለች፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ግዟት።

ግራቭል

መሪው እንደ ውድድር ሳይክል ቆልመም ያለ፣ ጎማው ግን ወፈር ያለ፤ 40 ወይም 45 ሚሊ ሜትር። ቀላል ነው፣ ይሮጣል፣ እጅን ሦስት አራት ቦታ መቀያየር ይቻላል። ረጅም መንገድ ለሚወድ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም። ደረቅ ቀን ላይ ከሆነ ደግሞ ደስታ ነው።

ዋጋው ግን ይቆነጥጣል። የሚረባው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው የሚጀምረው፣ 1,500 ማለፍም ቀላል ነው። ደግሞ እዚህ ካናል ላይ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 15 ማይል ነው፤ 24 ኪሎ ሜትር። ስለዚህ የከፈላችሁበትን ፍጥነት እንኳ ሙሉ በሙሉ አትጠቀሙበትም። ጎንበስ ብሎ መንዳት ላልለመደ ሰው አንገትም ያማል።

የኤሌክትሪኩን ብዙዎች ይጠይቁኛል። ጉልበቱ ለታመመ ሰው እሺ። ለሌላው ግን፣ ሜዳ ላይ ሞተር ምን ይሠራል? ክብደቱም ከ20 ኪሎ ያልፋል፤ ጭቃ ውስጥ መግፋት ሲመጣ እናያለን።

ፓራፋንጎና ጭቃ

ሁሉም ሰው ስለ ማርሽ ያወራል። እኔን ያቃጠለኝ ግን ፓራፋንጎ ነው። አንድ ግንቦት፣ ሁለት ቀን ዘንቦ ካባራ በኋላ፣ በኋይትስ ፌሪ በኩል ወጣሁ። ፓራፋንጎዬ ጎማውን ተጠግቶ የተገጠመ ነበር። ጭቃው መሃል ላይ ገብቶ ተጠቀጠቀ። ጎማው መዞር አቆመ። በዱላ እየፈለፈልኩ ሃምሳ ሜትር፣ እንደገና እየፈለፈልኩ ሃምሳ ሜትር። መጨረሻ ላይ ተሸከምኩት። በቅሎዎቹ ቢያዩኝ ይስቁብኝ ነበር።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ማርሹን አይሁን። ጎማውና ብረቱ መሃል ጣታችሁን አስገቡ። ጣት ካልገባ ጭቃ ይጣበቃል። ፓራፋንጎ የሚገጠምበት ቀዳዳ መኖሩንም አረጋግጡ፤ አንዳንድ ሳይክል የለውም። ፍሬኑ ደግሞ የዲስክ ይሁን። ቸርኬውን የሚይዘው ዓይነት ፍሬን ጭቃ ሲነካው ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ርቀቱ ይወስናል

ከጆርጅታውን እስከ ግሬት ፎልስ 14 ማይል ነው። እዚያ ድረስ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ አዲስ ሳይክል እንኳ አያስፈልግም፤ ጋራዥ የተቀመጠውን አውጡት፣ ካላማዳሪውን ቀይሩት፣ ካቴናውን ዘይት ቀቡት። እስከ ሃርፐርስ ፌሪ፣ 60 ማይል ገደማ፣ በሁለት ቀን የምታስቡ ከሆነ ሰፊ ጎማ ያለው ሃይብሪድ ይበቃችኋል። በመንገድ ላይ ለእግረኛና ለሳይክለኛ የተዘጋጁ የድንኳን ቦታዎች አሉ። ዳቦ ቆሎና ውሃ ያዙ፤ ከመንገዱ ዳር ሱቅ አትጠብቁ።

እስከ ከምበርላንድ ለመዝለቅ ከሆነ ግን የእኔ ምርጫ የተራራው ነው፣ ጎማው የተቀየረለት። ብዙዎች ግራቭል ይላሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ ደረቅ እንደሚሆን እርግጠኛ ከሆኑ ልክ ናቸው። እኔ የፖቶማክን ሰማይ አላምነውም። ከሃንኮክ አካባቢ ጭቃው ካስመረራችሁ፣ ጎን ለጎን የሚሄድ የድሮ ሐዲድ መንገድ አለ፤ ዌስተርን ሜሪላንድ ሬይል ትሬይል ይባላል፣ አስፋልት ነው። እዚያ ላይ ወጥቶ መተንፈስ ነው። ከዚያ በኋላ ፖ ፖ የሚባለው ዋሻ ይመጣል። 950 ሜትር የሚሆን ጨለማ ነው። በእግር ነው የሚታለፈው፤ ሳይክሉን መግፋት ግዴታ ነው። መብራት ሳትይዙ እንዳትሞክሩት።

ገንዘቡ ካጠረ ያገለገለ የተራራ ሳይክል ግዙ። በ300 ዶላር ደህና ይገኛል። ስትገዙ የፊቱን አሞርዛተር ተጭናችሁ እዩት። ተጭኖ የማይመለስ ወይም ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ መጠገኛው ከዋጋው ሊበልጥ ይችላል። ጎማ መቀየሪያ ሌላ መቶ ዶላር ያዙ።

ደወልም አትርሱ። ካናሉ ላይ ደወል ሳይኖር መንዳት አይፈቀድም። ቅዳሜ ጠዋት ጆርጅታውን ጋ ጋሪ የሚገፋ፣ ውሻ የሚጎትት፣ ቡና ይዞ የሚያወራ ሰው መንገዱን ሞልቶት ይጠብቃችኋል።